ፈቃድ የሰጠው ማን ነው?

አንድ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቀርቦ ሰላምታ አቀረበልኝ። ቀን ሒሳብ ያስተማርኩት፣ ማታ ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን ያስቀራሁት ልጅ ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቋሚ ሥራ ግን እስካሁን አልቀናውም።

«ኡስታዝ፣ ቅዳሜ ጊዜ ካለዎት አብረውኝ ቢሄዱ ደስ ይለኛል» አለኝ።

«ወዴት?»

«ጉባኤ አለ። በማኅበራዊ መረቦች ላይ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖችን የሚያዘጋጁ ልጆች የሚገናኙበት ነው። ከሰዓት በኋላ እኔም የሠራሁትን ለአምስት ደቂቃ አቀርባለሁ።»

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ሒሳቡን ያዩልኛል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን የልብ ሳቅ አልነበረም። ላፕቶፑን የገዛው ታላቅ ወንድሙ ከጅዳ በላከለት ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ። ወንድሙ በደወለ ቁጥር «ምን ደረሰ?» እያለ እንደሚጠይቀውም ነግሮኛል።

አፕሊኬሽኑ የሠፈራችንን ዕድር ሥራ ለማቃለል የታሰበ ነው። ወርኃዊ መዋጮውን ያልከፈለን አባል ያስታውሳል፤ ጀናዛ ሲኖር ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ያደርሳል፤ ድንኳን የሚተክለውና ውሃ የሚያቀርበው ተረኛ ማን እንደሆነ ይናገራል። እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ የሚሠሩት የዕድሩ ጸሐፊ ሲሆኑ መሣሪያቸውም አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተርና ከቤት ቤት የሚላኩ የሠፈር ልጆች ናቸው። በመሆኑም የልጁ ሐሳብ ከበጎ ነገር የተነሳ ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረኝም። እሺ አልኩት።

አንድ መስመር፣ ሁለት ጫፍ

ለመሆኑ በማኅበራዊ መረብ ላይ የሚሠራ አፕሊኬሽን ከሌላው በምን ይለያል? እንደሚታወቀው አፕሊኬሽን ማለት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ አንድን ተግባር እንዲያከናውን የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። የመደመርና የመቀነስ ፕሮግራም ስለ ተጠቃሚው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። በመረብ ላይ የሚሠራው ግን ሥራውን የሚጀምረው «ይህ ሰው ማንን ያውቃል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን ካላገኘ ግማሽ ሥራው የለም።

አዳራሹ ውስጥ ከመቶ የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ከተማሪዬ ጋር እኩያ ናቸው፤ እኔን አንዳንዱ የጥበቃ ኃላፊ፣ አንዳንዱ የሆነ መሥሪያ ቤት ተወካይ ሳልመስለው አልቀረሁም። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ጠንቃቃና አንደበተ ርቱዕ የሆነች ወጣት ነበረች። ንግግሯን የጀመረችው ከሩቅ ነው፦ ይህ ሙያ ተወለደ ከሚባልበት ቀንና ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከተደረገው ጉባኤ።

በዚያን ዕለት ፌስቡክ ሦስት ዓመት ያለፈው ድርጅት ነበር። መሥራቹ ማርክ ዙከርበርግ 23 ዓመት ከሞላው ገና አሥር ቀኑ ነው። ጉባኤው «ኤፍ-ኤይት» ተባለ፤ ከንግግሮቹ በኋላ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለስምንት ሰዓት አብረው ተቀምጠው ስለሚሠሩ ስሙ ከስምንት ቁጥር የመጣ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ በፌስቡክ ውስጥ አዲስ ነገር መሥራት የሚችሉት የድርጅቱ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በሩ ለማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ ተከፈተ። በራሱ አፕሊኬሽን ገጽ ላይ ከማስታወቂያ የሚያገኘውንም ገቢ ሙሉ በሙሉ እንዲወስድ ተፈቀደለት። በዕለቱ ከ65 የሚበልጡ ድርጅቶች ከ85 የሚበልጡ አፕሊኬሽኖችን ይዘው ቀረቡ። ፌስቡክ ያኔ 24 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት። ተፎካካሪው ማይስፔስ ከእሱ የገዘፈ ነበር፤ ኒውስ ኮርፖሬሽን የተባለው የሩፐርት መርዶክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባለቤቱን ድርጅት በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እንግዲህ ትንሹ ትልቁን ለመቅደም የመረጠው መንገድ ቤቱን ለእንግዳ መክፈት ነው።

ተናጋሪዋ ዙከርበርግ በዚያ መድረክ ላይ ያጎላውን አንድ ቃል በትልቁ ሰሌዳው ላይ አሳየች፦ «ማኅበራዊ ግራፍ»። እዚህ ላይ እኔ ነቃሁ። ለሒሳብ አስተማሪ ግራፍ የቆየ ወዳጅ ነው። ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ማለት ነው። ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1736 የከኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች ጥያቄ የፈታው በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነበር። በማኅበራዊው ግራፍ ነጥቡ ሰው ነው፤ መስመሩ ትውውቅ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ጉባኤ ለእንግዶቹ ያቀረበላቸው ጥሬ ዕቃም ይኸው ነበር፤ መስመሮቹ።

ይሁን እንጂ ማንኛውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቀው መስመር ሁለት ጫፍ አለው። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ የሚለው መስመር የእኔ ብቻ ሳይሆን የወንድሜም ነው። ፌስቡክ በዚያን ጊዜ ባበጀው አሠራር ግን አንድ አፕሊኬሽን ወደ መስመሩ ለመግባት የሚያስፈልገው የአንደኛው ጫፍ «እሺ» ብቻ ነበር። ሌላው ጫፍ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ይህን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ዝም አልኩ።

በግ የሚወረወርበት ገበያ

ከዚያ በኋላ የሆነው በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ተናጋሪዋም በጥሩ ሁኔታ ነው የተረከችው። አይላይክ የተባለውን የሙዚቃ አፕሊኬሽን የሠሩት ቴህራን የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ ዓሊና ሃዲ ፓርቶቪ ነበሩ። ከጉባኤው በኋላ ባሉት ቀናት የመጣባቸውን የሰው ጎርፍ ኮምፒዩተሮቻቸው መሸከም ስላቃታቸው ከሚያውቋቸው ድርጅቶች ሰርቨር ለመዋስ ተማጸኑ። በሕንድ አገር ካልካታ ከተማ ሁለት ሌሎች ወንድማማቾች የስክራብልን የፊደል ጨዋታ የሚመስል አፕሊኬሽን አዘጋጅተው በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲጫወትበት ዋለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 የጨዋታው መብት ባለቤት የሆነው የአሜሪካ ድርጅት ከሶ በአሜሪካና በካናዳ አስዘጋባቸው። አዳራሹ በዚህ ላይ አጉረመረመ። ካልካታ ለአዲስ አበባ ልጅ ከካሊፎርኒያ ይልቅ ትቀርባለችና።

ሰላምታን በጨዋታ ለውጦ ሰው በወዳጁ ላይ በግ የሚወረውርበት አፕሊኬሽንም ነበር፤ ምስሉን ማለቴ ነው። ያንን ያቀረበውን ስላይድ የተባለ ድርጅት ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 በ182 ሚሊዮን ዶላር እንደገዛው ተዘግቧል። በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ዘጋው። ለዚህ ሁሉ በግ ያ ሁሉ ገንዘብ ብዬ ተገረምኩ፤ የዓረፋ ሰሞን ገበያ እንኳ እንዲህ አያደርግም።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢ. ጄ. ፎግ የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ገደማ በዚሁ ጉዳይ ላይ ትምህርት ከፈቱ። የመምህሩ የምርምር ክፍል የሚያጠናው ኮምፒዩተር የሰውን ሐሳብና ጠባይ እንዴት ሊለውጥ እንደሚችል ነው። 75 ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው የሠሯቸው አፕሊኬሽኖች በአሥር ሳምንት ውስጥ በድምሩ 16 ሚሊዮን ተጠቃሚ አገኙ። እኔ በአሥር ሳምንት አርባ ተማሪ ክፍልፋይ እንዲገባው ማድረግ ያቅተኛል! እ.ኤ.አ. በጁን 2009 የወጣው ፋርምቪል ደግሞ ሰዎች በስክሪን ላይ እህል የሚዘሩበት ጨዋታ ሲሆን፣ በሰዓቱ ተመልሶ ያላጨደ ሰው ሰብሉ ይጠወልግበት ነበር። በ2010 መጀመሪያ ላይ በወር ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጫወትበት እንደነበር ተመዝግቧል። የተዘጋው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው።

ከዚህ በኋላ ተናጋሪዋ ወደ ምሥጢሩ ገባች። ምሥጢሩም ሒሳብ ነው። አንድ ተጠቃሚ በአማካይ ስንት አዲስ ሰው ያስገባል? ቁጥሩ ከ1 በላይ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ያድጋል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይሞታል። በማስታወሻዬ ላይ ሠራሁት። በ100 ሰው ጀምረን እያንዳንዱ በአማካይ 1.2 ሰው ቢያስገባ ቀጣዩ ዙር 120፣ ከዚያም 144 እያለ በአሥረኛው ዙር ብቻ 619 አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። አማካዩ 0.9 ቢሆን ግን በአሥረኛው ዙር የሚገቡት 35 ብቻ ናቸው። የሀብታሙና የከሳሪው ልዩነት 0.3 ማለት ነው።

ታዲያ 0.9ን ወደ 1.2 የሚያሻግረው ምንድን ነው? ተናጋሪዋ አልደበቀችም። ተጠቃሚው ራሱ አስቦ ጥቂት ሰው እንዲጋብዝ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ገና ሲጀምር በስልኩ ውስጥ ያለውን የስም ዝርዝር በሙሉ ለማንበብ ፈቃድ መጠየቅ ነው። አምስት መቶ ስም ካለ አምስት መቶ ግብዣ ይወጣል። ከማን ጋር ማን እንደሚተዋወቅም በዚያው ይታወቃል።

ተማሪዬን ዞር ብዬ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ያልተጠየቁት

ዙህር ሲደርስ የሚሰገድበት ቦታ ስላልተዘጋጀ ሰባት ያህል ሰዎች በደረጃው መውጫ ላይ ካርቶን አንጥፈን ሰገድን። ተመልሰን ስንገባ የጥያቄ ጊዜ ነበርና እጄን አወጣሁ።

«ስልኬ ውስጥ የእናቴ፣ የተማሪዎቼ ወላጆች፣ የአንድ ሐኪም ቁጥር አለ» አልኩ። «እኔ 'ፍቀድ' የሚለውን ስነካ በእነሱ ስም ፈቃድ ሰጥቻለሁ ማለት ነው? እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

ወጣቷ ጥቂት አሰበች። «ማንም አልጠየቃቸውም» አለች። «እውነቱ ይኸው ነው። እኛ ባንሠራው ግን ቀጥሎ ያለው ይሠራዋል፤ ገንዘቡም ወደ እሱ ይሄዳል።» ይህን መልስ እስካሁን የማከብረው ስላልሸፋፈነችው ነው።

በመድረሳ ለሕፃናት መጀመሪያ ከምናስተምራቸው አዳቦች አንዱ ኢስቲእዛን ነው። ወደ ሰው ቤት ከመግባት በፊት ሰላም ብሎ ማስፈቀድ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ መመለስ። ሕፃናቱም ሕጉን ወዲያው ይረዱታል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው። ጎረቤቱ «ግባ፣ ምንም አይደለም» ቢል አይበቃም። አዳራሹ ውስጥ ግን ይህን አልተናገርኩም፤ ቦታው አልመሰለኝም።

ቤት ገብቼ ታሪኩን ስመረምር ጉባኤው ያልነገረን ሌላ ግማሽ እንዳለው ተረዳሁ። ኤፍ-ኤይት ከዚያ በኋላም በተለያዩ ዓመታት ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 በተደረገው ላይ አንድ ደንብ ተነሳ፤ እስከዚያ ድረስ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከፌስቡክ የወሰዱትን የሰዎች መረጃ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳያስቀምጡ ይከለከሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጥ ተፈቀደላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሌክሳንደር ኮጋን የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሰውን ጠባይ በጥያቄ የሚለካ አንድ አፕሊኬሽን አዘጋጀ። ጥያቄውን ለሚሞሉ ሰዎች ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። አፕሊኬሽኑን የተጠቀሙት 270,000 ያህል ሰዎች ናቸው። ነገር ግን መረጃው ሲሰበሰብ የእነሱ ብቻ አልነበረም፤ የወዳጆቻቸውም ጭምር ነበር። መረጃው ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ የምርጫ ቅስቀሳ አማካሪ ድርጅት ተላለፈ። ነገሩ በጋዜጦች የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2018 ሲሆን፣ ፌስቡክ በኤፕሪል ወር መረጃቸው ተላልፎ ሊሆን የሚችለው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚደርሱ አስታወቀ።

ከሁሉም ይልቅ የያዘኝ ግን የአውስትራሊያ ቁጥር ነው። በዚያ አገር አፕሊኬሽኑን የጫኑት 53 ሰዎች ብቻ ነበሩ። መረጃቸው ለአደጋ የተጋለጠው አውስትራሊያውያን ግን 311,127 ሆነው ተገኙ። ከእነዚያ 53 በስተቀር ሌሎቹ አፕሊኬሽኑን ጭነውት አያውቁም፤ እዚያው አገር ወይም ሌላ አገር ያለ አንድ ወዳጃቸው «እሺ» ስላለ ብቻ ነው። በእነሱ በኩል ምንም ስሕተት የለም። መጠንቀቅ እንኳ አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም የተጠየቁት ነገር የለም።

ፌስቡክ በበኩሉ በወዳጅ በኩል የሚወሰደውን መረጃ ለመገደብ መወሰኑን ያስታወቀው በኤፕሪል 2014 ኤፍ-ኤይት ላይ ነበር፤ ለነባር አፕሊኬሽኖች በሥራ ላይ የዋለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በሩ ከተከፈተ እስኪዘጋ ስምንት ዓመት ያህል ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጁላይ 2019 በድርጅቱ ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። አውስትራሊያ ውስጥ ጉዳዩ በዲሴምበር 2024 በ50 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በስምምነት ተዘጋ።

ይህ የፈረንጆች ጣጣ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እንግዲያውስ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየውን ሙስሊም ፕሮ የተባለውን አፕሊኬሽን እናስታውስ፤ ስልካችሁ ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 አንድ የአሜሪካ የዜና ድርጅት እንዳጋለጠው አፕሊኬሽኑ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ያስተላልፍ ነበር። ከኤክስ-ሞድ ደንበኞች መካከል ደግሞ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። አፕሊኬሽኑ በዚያን ጊዜ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጭኖ ነበር። ባለቤቶቹ ለጦሩ በቀጥታ ሸጠናል የሚለውን አስተባብለው ከመረጃ ነጋዴው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ነጋዴው ያዘጋጀውን ቁራጭ ፕሮግራም አፕሊኬሽን ሠሪው በራሱ ሥራ ውስጥ ይከተዋል፤ ቁራጩም መረጃውን ወደ ነጋዴው ይልካል፤ ሠሪው ይከፈለዋል። ቂብላን ለማወቅ ቦታን መናገር ግድ ነው። ያን ቦታ ለሌላ መሸጥ ግን ቂብላን ከማሳየት ጋር ምን አገናኘው? የንግድ ኮሚሽኑ በጃንዋሪ 2024 ኤክስ-ሞድ እንዲህ ያለውን ስሱ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ አገደው።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ በስልክ የሚያበድሩ አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ተበዳሪው ሲዘገይ በስልኩ ውስጥ ላገኟቸው ዘመዶቹና አለቆቹ እየደወሉ ያሳፍሩት ነበር። ጎግል ከሜይ 31 ቀን 2023 ጀምሮ የግል ብድር የሚሰጡ አፕሊኬሽኖች የስልክ ስም ዝርዝርና ፎቶግራፍ እንዳያነቡ ከልክሏል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት መሰብሰብና ማስተላለፍ አሁን የሕግ ጉዳይ ነው። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በጉባኤው ላይ ስለ አዋጁ ያነሳ አንድም ሰው አልሰማሁም።

በዚያች ሌሊት በራሴ ስልክ ላይ ፈቃዶቹን ከፍቼ አየሁ። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች «ሴቲንግ» ውስጥ «ፐርሚሽን ማናጀር» የሚል አለ፤ የስም ዝርዝራችሁን፣ ቦታችሁን፣ ማይክሮፎናችሁን የሚያነብ የትኛው እንደሆነ ይዘረዝራል። በፌስቡክም ከአካውንታችሁ ጋር የተያያዙትን «አፕስ ኤንድ ዌብሳይትስ» በሚለው ሥር ታገኛላችሁ። በእኔ ስልክ የስም ዝርዝሩን የሚያነቡ አሥራ አራት ተገኙ። አንዱ የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪ እናቴን ምን ያደርጋታል?

ከአዳራሹ ወደ ዕድሩ

ወደ ጉባኤው ልመለስ። ተማሪዬ አምስት ደቂቃውን በጥሩ ሁኔታ ተጠቀመበት። ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ስለ ጀናዛውም ሆነ ስለ ድንኳኑ አልጠየቁትም፤ የጠየቁት በስድስት ወር ውስጥ ስንት ተጠቃሚ ይኖርሃል የሚለውን ነው። አንደኛው «የስልክ ስም ዝርዝር ያነባል?» አለው። ልጁ ወደ እኔ አቅጣጫ አየት አድርጎ «አዎ፣ ያነባል» አለ። ገምጋሚው ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። በመጨረሻ «ኡስታዝ፣ በጥያቄዎ እኔን ነው የነኩት» አለኝ።

«አንተን አልነበረም።»

«እሺ፣ የዕድሩ ጸሐፊስ? የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስልክ በደብተር ጽፈው ይዘው የለም እንዴ? እሳቸውስ ማንን አስፈቀዱ?»

አባላቱ ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው እንደሰጡ፣ ደብተሩም ከሳጥናቸው ወጥቶ እንደማያውቅ ነገርኩት። መልሱ እኔንም ሙሉ በሙሉ አላጠገበኝም። «ደግሞ ያኔ በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩት ዛሬ ሀብታሞች ናቸው» ሲለኝ ምንም አላልኩም። እውነቱን ነው። የሥራ አጥነት ሁለት ዓመት ምን እንደሚመስል ደሞዝ የሚበላ አስተማሪ ሊነግረው አይችልም።

ነገሩን የቆረጠው የእኔ ክርክር አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ አፕሊኬሽኑን በዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። አንዲት እናት ግን ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ የእኔን ስልክ ካነበበ ስልኬ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ መልእክት ይልካል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ እማማ፣ ግብዣ ይልካል። የሚተዋወቁ ሰዎችንም እርስ በርስ ያሳያል።»

ሴትዮዋ ተቀመጡ፤ ሌላ አልተናገሩም። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠብቀው ለብቻው አነጋገሩት፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ልጃቸው ከባሏ ቤት ተደብድባ ከወጣች አንድ ዓመት አልፏታል። ሌላ ከተማ ነው ያለችው፤ ቁጥሯን ቀይራለች። አዲሱን ቁጥር የሚያውቁት እናቷ ብቻ ናቸው። የቀድሞ ባሏ የዚሁ ዕድር አባል ነው፤ በዚያች ሰዓት በግቢው ውስጥ ወንበር እየሰበሰበ ነበር።

ተማሪዬ ለጥቂት ጊዜ የሚናገረውን አጣ። «እማማ፣ ስልክዎን ማንም አያነብም» አላቸው ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ የምነግርዎት።» በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ቤቴ መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተልኝ። የስም ዝርዝሩን የሚጠይቀውን ክፍል አውጥቶታል፤ ሲቆጠር አሥራ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። አሁን አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው የራሱን ስምና ቁጥር ራሱ ያስገባል፤ የሌላ ሰው ማስገባት አይቻልም።

የጉባኤው ገምጋሚዎች ገንዘቡን ለሌላ ሰጡ። ወንድሙ ከጅዳ ሲደውል ምን እንደነገረው አልጠየቅሁትም። እስካሁን በአፕሊኬሽኑ ላይ 41 የዕድሩ አባላት ተመዝግበዋል፤ ዕድገቱንም በማስታወሻዬ ላይ ስሠራው ከ0.9 በታች ነው። ጸሐፊው ደብተሩን አልተዉም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሳሳት አያለሁ ይላሉ። የተማሪዬ እናት ደግሞ እስከ ዛሬ አልተመዘገቡም። ልጃቸው ስልኩን ይዞ ሲለምናቸው «ሰው ሲሞት ሰው ልከው ይነግሩኛል» ብለው ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።